ሁሉ አረንጓዴ የሆነበት አገር

ማርም ሲበዛ ይመራል፤ የድልድይ መሐንዲሷን እጅጋየሁንም ያን ዕለት አመሻሽ ላይ የመረራት ይኸው ነበር። ድልድይ ገና ሳይሠራ ጭነቱን ይችል እንደሆነ በኮምፒዩተር የሚሞክረው የመሥሪያ ቤቷ ፕሮግራም ታድሶ መጥቷል። አዲሱ ስሪት ያልተመረመረ አፈር ቢያጋጥመው እንኳ ጥንካሬውን በራሱ ግምት ይሞላል፤ ከዚያ ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ቀብቶ «አያሰጋም» ይላል። አሁን ድልድይ ሊሠራበት የታሰበውን ወንዝ አፈር ግን ማንም ቆፍሮ አልመረመረም። ነገ ደግሞ ንድፉን አጽድቃ የምትፈርመው እሷ ናት፤ ድልድዩ ቢከዳ ገበያተኛው ከነአህያው ወንዝ ሊገባ ነው! «ምኑን አምኜ?» እያለች ስትብሰለሰል ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣላት።

በሕልሟም ነጭ ካባ የደረበ፣ ፈገግታ ከፊቱ የማይጠፋ ሽማግሌ እጇን ይዞ ወደ አንድ አገር አገባት። ምን ዓይነት አገር መሰላችሁ! ፎቁ አረንጓዴ፣ ግድቡ አረንጓዴ፣ ድልድዩ አረንጓዴ፤ የመዶሻ ድምፅ የማይሰማበት፣ ቆፋሪ የማይታይበት፣ ሕዝቡም በየአደባባዩ ቆሞ የተሠራለትን ሲያመሰግን የሚውልበት አገር ነበር።

«አባቴ፣ እዚህ አገር አፈር አይመረመርም?»

«ምን ሊያደርግ ልጄ? ፕሮግራሙ ያውቀዋል።»

«ማን ነግሮት?»

«ራሱ።»

«ቢሳሳትስ?»

«ራሱን እንጠይቀዋለን። እስካሁን ተሳስቼ አላውቅም ነው የሚለው» አላት እየሳቀ።

ሳቁ አልጣማትም። ደግሞስ ይህ ሁሉ ሰው ድልድዩን እያወደሰ ለምን ከሥሩ፣ በውሃው ውስጥ ይሻገራል? ጉድ እኮ ነው! ሕፃን ያዘለች ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ወንዙ ውስጥ ስትገባ አይታ፣ «እህቴ፣ በድልድዩ አትሄጂም እንዴ?» አለቻት።

«ውይ፣ እሱማ ለምረቃ ነው!» አለች ሴትዮዋ፤ ልጇን ከፍ አድርጋ አዝላ መንገዷን ቀጠለች።

ሽማግሌው ግን «አንቺማ ተሻገሪ እንጂ፤ ያጸደቅሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ወደ ድልድዩ ገፋ አደረጋት። ጮኻ ነቃች።

ላብ እንዳጠመቃት ለባልደረባዋ ለይኄይስ ደወለች፤ ስሌቱን በአዲሱ ስሪት የሠራው እሱ ነው።

«ስማ ይኄይስ፣ አፈሩ ሳይቆፈር አልፈርምም። ያየሁትንም ሕልም ነገ በማጽደቂያው ስብሰባ ላይ ለሁሉም እናገራለሁ። ከፈለጉ ይሳቁብኝ!»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች።

እሱ ግን «እጅግዬ» አላት፣ «እኔም እኮ አላመንኩትም። ዝም ያልኩት አንቺ ዝም ስላልሽ ነው።»