የጠፋችው ቢጫ መብራት

ሶፋ ሠሪው መብራቷን ያጠፋት ለክፋት አልነበረም። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ መኪናዋን ግቢ አስገብታ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቃለ አጋኖ ያለባት ቢጫ መብራት እንደበራችባት፣ የጎማ አየር ሳይሆን እንዳልቀረ፣ ነገ እናቷን ዓይን ሐኪም ጋ ስለምትወስድ እንዲያይላት ለምናው ገባች። የእግር ፓምፑ ያለው ዕቃ ቤት፣ ከተቆለለ ስፖንጅ ሥር ነው። እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ሲወጥርና ሚስማር ሲመታ ውሎ ወገቡ ተቆርጧል። ከመሪው ሥር ያለችውን የመብራቷን ማጥፊያ ቁልፍ ተጭኖ ሲቆይ፣ መብራቷ ብልጭ ብልጭ ብላ ጠፋች። አየሩን በማለዳ እሞላዋለሁ ብሎ ወደ ቤት ገባ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። ግን "እንዴት ሆነ?" ስትለው "አለቀ" አላት። እሷም ለእናቷ ደውላ የባሏን እጅ ታሞግስ ጀመር፤ እሱ የነካው እንደማይበላሽ፣ ጎሚስታ ጋ ወረፋ ከመጠበቅ እንደገላገላት። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ አንገቱን ደፍቶ ራቱን በላ።

ጠዋት እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ አማቱ መጥተው መኪናው ውስጥ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሚስቱ ቦርሳዋን ትፈልጋለች። አሁን ፓምፑን ቢያወጣ ምን ሊል ነው? ዝም ቢል ደግሞ መንገዱ ቁልቁለት ነው። የሌሊት ልብሱን ሳይቀይር ወጣ። በአማቱ በኩል ያለው የፊት ጎማ ሟሽሾ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው አማቱ ኮቴውን ሰምተው በመስኮቱ ብቅ አሉ።

"አንተ ነህ የኔ ልጅ? ይሄ መኪና ወደ እኔ አዘመመ እኮ። ይህን ያህል ወፍሬያለሁ እንዴ?"

ሳቁ። ወዲያው ግን እፍር አሉና፣ መኪናውን እንዳይጎዱት ከኋላ መሃል ላይ ቢቀመጡ ይሻል እንደሆነ ጠየቁት። መልሱንም ሳይጠብቁ የበሩን እጀታ በዳበሳ ይፈልጉ ጀመር።

ይህን ማየት አልቻለም።

"እማማ፣ እርስዎ አይደሉም" አለ። "ጎማው ነው። ትናንት መብራቷን አጠፋኋት እንጂ አየር አልሞላሁም።"

ሚስቱ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ከኋላው ቆማ ነበር።

"እናቴን ይዤ ልወጣ ነበር እኮ" አለች በቀስታ። ብትሰድበው ይመርጥ ነበር።

"እኔስ ከወፍራምነት ነጻ ወጣሁ" አሉ አማቱ። "በል ንፋው፣ ቀጠሮው ሳያልፍ።"

ስፖንጁን ገለባብጦ ፓምፑን አወጣ። ላቡ እስኪንጠባጠብ ረገጠ፣ በመለኪያው አየ፣ ሳሙና ቀብቶም አረፋ የሚያወጣ ቀዳዳ ፈለገ፤ አላገኘም፣ የላላውን የአየር መግቢያ ግን አጠበቀው። ሚስቱ ገብታ ሞተሩን አስነሳች። ቢጫዋ መብራት የለችም። ትናንት ይህ ብቻ በበቃት ነበር። አሁን ግን ወረደች፤ መኪናውን ዞረችና አራቱንም ጎማ እያጎነበሰች በእጇ ተጭና አየች። ከዚያ ተመልሳ ገባች።

ፓምፑን እንደታቀፈ የግቢውን በር ከፈተላቸው።