ፍሬኑ ደህና ነበር

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳን ሰው ዕረፍት ወስዶ እንደገና መሪ ማስያዝ፣ ሚስቱ እንዳለችው፣ ዓሣን “ና ዋና ላዝናናህ” እንደ ማለት ነበር። ልጃቸው ግን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። በአንድ የግንባታ ድርጅት ንድፍ አንሺ ሆና ከተቀጠረች ገና ዓመቷ ነው። ለወላጆቿ የመጀመሪያውን ዕረፍት እኔ ነኝ የማዘጋጀው ካለች በኋላ የሚመልሳት አልተገኘም። ከአንድ ተራራ ሥር ካለ ሎጅ ሦስት ቀን ያርፋሉ፤ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ ከአስጎብኚ ጋር ባጊ በሚባል ክፍት የዳገት መኪና ተራራውን ይወጣሉ።

“አባዬ፣ በሕይወትህ አንድ ቀን እንኳ ፌርማታ የሌለበት መንገድ ንዳ እንጂ!” አለችው።

አባቷን የሥራ ባልደረቦቹ ካፒቴን ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት በዝግታው ነው። አውቶቡሱን እንደ መርከብ ቀስ አድርጎ ነው ፌርማታው ላይ የሚያስጠጋው፤ ቆማ የምትሄድ አሮጊት እንኳ ከቦታዋ አትነቃነቅም ይባልለት ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ሰው ጭሮ አያውቅም።

ማንም ያላወቀው ነገር ቢኖር የካፒቴኑ ዓይን እየጠፋ መሆኑን ነው።

የጀመረው ከጎን ነው። መጀመሪያ የአውቶቡሱን የግራ መስታወት ከአንድ ምሰሶ ጋር አጋጨው፤ በወሩ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ያንኑ መስታወት ደገመው። ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሟ አንድ ማሽን ላይ አገጩን አስደግፋ፣ ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ ተጫን አለችው። እሱ ዝም ብሎ ብልጭታውን ሲጠብቅ ምርመራው አለቀ። ግላኮማ ነው፣ የዓይን ነርቭን የሚገድል ግፊት ነው አለችው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ነው የምንሞክረው። ሥራውን ስትጠይቀው ዕቃ ግምጃ ቤት ነኝ አላት። ውሸቱ እንዴት ቀልጥፎ ከአፉ እንደወጣ ራሱን ገረመው።

ይህ ከሆነ ስምንት ወሩ ነው። ለጡረታ ገና አንድ ዓመት ከሁለት ወር ይቀረዋል። አሁን የሚያየው በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ፊት ለፊቱ ጥርት ያለ፣ ዙሪያው ግን የለም። ጨለማ እንኳ አይደለም፣ በቃ የለም። መንገዱን በልቡ ስለሚያውቀው አንገቱን ወዲህና ወዲያ እያዞረ ይነዳል። ትኬት ቆራጯም ሳታውቀው ትረዳዋለች፤ “ግራው ነጻ ነው ካፒቴን!” ማለት ልማዷ ነው።

ስለዚህ የባጊውን ነገር እንቢ ማለት ይችል ነበር። ወገቤን አሞኛል ቢል ልጁ ትንሽ አኩርፋ ትተወዋለች። ያላለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የልጁ ፊት ነው። ሁለተኛውን ለማንም ሊናገረው አይችልም፤ ማወቅ ፈልጎ ነበር። ከተማ ውስጥ የሚነዳው ዓይኑ ይሁን ልማዱ መለየት አቅቶት ነበር። በማያውቀው መንገድ ላይ ቢነዳ ግን ምን ያህል እንደቀረለት ያውቃል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አስጎብኚው የባጊዎቹ ጣቢያ በር ላይ ጠበቃቸው። ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ አቧራ ድምፁን ያጎረነነው ሰው ነው። ሁለት ባጊዎች ቆመዋል። በርም መስኮትም የላቸውም፤ ሥጋቸው አልቆ አጥንታቸው የቀረ መኪና ነው የሚመስሉት፤ ብረት ቧንቧ፣ ወፋፍራም ጎማና ሁለት መቀመጫ።

“ሕጉ ቀላል ነው” አለ አስጎብኚው ሄልሜትና የአቧራ መነጽር እያደላቸው። “እኔ ከፊት እነዳለሁ፣ እናንተ የጎማዬን ዱካ ትከተላላችሁ። ሁለት እጄን ወደ ላይ ካነሣሁ ቁሙ ማለቴ ነው። ጋሼ፣ የሠላሳ ዓመት ሾፌር መሆንዎን ልጅዎ ነግራናለች፤ ለእርስዎ እንኳ እኔ ማስተማሬ ድፍረት ነው።”

“አስተምረኝ ልጄ፣ ግድ የለም” አለ ካፒቴኑ።

የሚሞላ ወረቀት ነበር። ልጅቱ ባጊው አፍንጫ ላይ ዘርግታ እየጮኸች ታነባለች። “የልብ ሕመም? የለም። የሚጥል በሽታ? የለም። የዓይን ችግር?” ሳቀች። “የካፒቴንን ዓይን ነው የምትጠይቁት?” ቀና ብላ እንኳ ሳታየው የለም የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እሱም ብዕሩን ተቀብሎ ፈረመ።

ልጅቱ ከአስጎብኚው ጎን ተቀመጠች፤ ባልና ሚስት ከኋላ ተከተሉ። ሚስቱ ልብስ ንጽህና ቤት ካውያ ላይ ስትቆም የኖረች ሴት ናት። ቀበቶውን ሁለቴ ጎትታ አጠበቀችና “ስማ፣ እኔ እንደ ሸሚዝ ተጣጥፌ መመለስ አልፈልግም” አለችው።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጥሩ ነበር። እንዲያውም ከጥሩም በላይ። ዳገቱ ሰፊ ነው፣ የፊተኛው ባጊ ቀይ ጀርባ በቱቦው መሐል ቁጭ ብሎለታል፣ እሱን መከተል ብቻ ነው። ሚስቱ እየጮኸች ትስቃለች። ካፒቴኑ ልቡ ሞቅ አለ። ሐኪሟ አጋናለች እንጂ ይህን ያህልም አይደለም ብሎ አሰበ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ምን አላት? ይደርስበታል።

ከጥድ ጫካው ሲወጡ መንገዱ አንድ ጠፍጣፋ መስክ ላይ አደረሳቸው። በስተቀኝ ሸለቆው ወለል ብሎ ይታያል። ሚስቱ “አንተ! እይማ፣ እይማ!” ብላ ወደዚያ ዞረች። አስጎብኚው ባጊውን ከፊት አቁሞ ወርዶ ነበር፤ በመንገዱ ግራ በኩል አድርጎ ወደ እነሱ እየመጣ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። ካፒቴኑ ያየው ቀዩን ባጊ ብቻ ነው። ቆሟል። ፌርማታ ላይ እንደሚያስጠጋ፣ ቀስ አድርጎ፣ ከጎኑ ሊያቆም መሪውን ወደ ግራ አዞረ።

ጩኸቱን ነው የሰማው። መጀመሪያ የወንድ፣ ከዚያ የሚስቱን። ፍሬኑን ሲረግጥ ጎማው አንድ ነገር ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

አስጎብኚው በጎማውና በድንጋዩ መካከል ነበር። ካፒቴኑ ማርሹን ወደ ኋላ አስገብቶ አንድ ክንድ ያህል ሲያፈገፍግ ሰውየው ቁልቁል ተንሸራቶ ተቀመጠ። የቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት ወገን ታጥፏል። ከዚያ ወዲያ አልጮኸም። ፊቱ አመድ መስሎ፣ በዚያ በጎረነነ ድምፁ፣ “ሁለት እጄን አንሥቼ ነበር” አለ። “አይተውኛል እኮ ጋሼ። ወደ እኔ ነበር የዞሩት።”

ካፒቴኑ ወርዶ አጠገቡ ተንበረከከ።

የተናገረችው ሚስቱ ናት። “ፍሬኑ ነው!” አለች። “ፍሬኑ እንቢ ብሎት ነው! እሱ ሰው አይገጭም!” ልጅቱም ሮጣ ደርሳ ያንኑ ቀጠለች። “ይሄን ቁርጥራጭ ብረት አምኖ ሰው ያሳፍራል? አባዬ፣ ደህና ነህ? አንተ ምንም አላጠፋህም እሺ?”

አስጎብኚው በሬዲዮ ጠራ። እስኪመጡላቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ልጅቱ ሹራቧን አውልቃ ከእግሩ ሥር አደረገችለት፣ ሚስቱ ውኃ በትንሽ በትንሹ አጠጣችው። ካፒቴኑ ያን ግማሽ ሰዓት ሁሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቆመ። ፍሬን የሚለው ቃል ሜዳው ላይ ተጥሎ፣ ብድግ አድርጎ እንዲይዘው የሚጠብቀው ይመስል ነበር። አዎን ማለት እንኳ አይጠበቅበትም። ዝም ካለ በቂ ነው።

ፒካፑን እየነዳ የመጣው የጣቢያው መካኒክ ነው፤ የካፒቴኑ እኩያ፣ ጣቶቹ ግራሶ የጠጡ ሽማግሌ። መጀመሪያ ቁስለኛውን በሁለት ጣውላ እግሩን አስሮ ከፒካፑ ኋላ ፍራሽ ላይ አስተኛው። ከዚያ ሚስትየዋ የፍሬኑን ነገር ስትነግረው ባጊው ውስጥ ገብቶ አስነሣና ጥቂት ሄዶ ፍሬን ያዘ። ጎማዎቹ ቀጥ አሉ። ደገመ። አሁንም ቀጥ። ወርዶ ከሥሩ ተንበረከከ፣ ቧንቧውን በጣቱ ዳሰሰ።

“አሁን ይዟል” አለ ግራ ተጋብቶ። “ጠዋት የፍሬኑን ፈሳሽ አይቼዋለሁ። ይመስለኛል... የዚህኛውን ነው ወይስ የዚያኛውን ያየሁት?”

“ይመስለኛል?” አለች ልጅቱ። “በይመስለኛል ነው ሰው የምታሳፍሩት?”

ሽማግሌው አልተቆጣም። ያ ነው ካፒቴኑን የጎዳው። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ እያሻሸ፣ “ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ፍሬን እንቢ አለኝ ካለ እንቢ ብሎታል ማለት ነው” አለ። “እኔው ነኝ። ማርጀቴ ነው። ለባለቤቱ እኔው እነግረዋለሁ።”

“እኔ አላልኩም” አለ ካፒቴኑ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

“ፍሬኑ ደህና ነበር። አላየሁትም።”

“ፀሐዩ ነው” አለች ሚስቱ ፈጠን ብላ። “ፀሐይ ዓይኑ ላይ አርፎበት...”

“ፀሐይም አይደለም። ዝም በይ እስቲ አንዴ።” ወደ መካኒኩ ዞረ። “ዓይኔ ታሟል። በጎን በኩል አላይም። ስምንት ወሩ ነው። ሐኪም ነግራኛለች፤ አውቄ ነው የነዳሁት።”

መካኒኩ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። ፒካፑ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። ሚስቱ ባሏን ሳታይ ከኋላ ወጥታ የአስጎብኚውን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች።

አንዱን ባጊ እዚያው ትተው ሌላውን ቁልቁል የነዳችው ልጅቱ ናት። ካፒቴኑ ከጎኗ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሲነዳው እግሩ የሌለውን ፍሬን ይረግጥ ነበር።

“የለም የሚለው ላይ ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ” አለች።

“የፈረምኩት እኔ ነኝ።”

“አውቶቡሱንስ?”

“እነዳለሁ።”

“ባለፈው ሳምንትም?”

“ባለፈው ሳምንትም።”

መሪውን አጥብቃ ያዘች። “አባዬ፣ እኔ እኮ በአንተ አውቶቡስ ነው ሥራ የምሄደው። ከኋላህ ቆሜ፣ ስንት ልጅ፣ ስንት እርጉዝ...” አልጨረሰችውም። እንባዋ ከመነጽሩ ሥር ወርዶ አቧራው ላይ መንገድ ሠራ።

ጤና ጣቢያው አንድ ኮሪደርና አራት ክፍል ነው። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል ተባለ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ካፒቴኑ በሩን አንኳኩቶ ገባ። አስጎብኚው ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል።

“ልጄ፣ ይቅር በለኝ።”

“እኔ ሌላ ሥራ አልችልም ጋሼ” አለ ሳይዞር። “ይህን ተራራ መውጣትና መውረድ ነው የማውቀው። ይቅር እልዎታለሁ፣ ምን አደርጋለሁ። አሁን ግን ይውጡልኝ።”

ወጣ። በሩን ሲዘጋ እጀታውን ሁለት ጊዜ ስቶ ነው ያገኘው።

ሎጁ ውስጥ ሚስቱ ልብስ ሻንጣ ውስጥ እያስገባች ነበር። ገና አንድ ቀን ቢቀራቸውም ማንም እንቆይ አላለም። ልብሱን እንደ ሥራዋ ጠርዝ ከጠርዝ እያገናኘች፣ በመዳፏ እየዳመጠች ታጥፋለች። ከሱሪው ኪስ ትንሿን የዓይን ጠብታ ጠርሙስ አውጥታ አየቻት።

“ለአቧራ ነው ብለኸኝ” አለች። “ራስህን ደገፍ አድርጌ እኔ በእጄ ነው ጠብ የማደርግልህ። በየማታው። በየማታው ስትዋሸኝ ዓይንህን ከፍቼ ይዤልህ ነበር ማለት ነው።”

“ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ነው።”

“ይድናል?”

“አይድንም።”

“ጭራሽ?”

“የቀረውን ማቆየት ነው። እሱም ከሆነ።”

ያጠፈችው ሸሚዝ ላይ ተቀመጠች። እሱ የሚያውቃት ሚስቱ የታጠፈ ልብስ ላይ አትቀመጥም። ሊነካት እጁን ዘረጋ፤ አልገፋችውም፣ አልያዘችውምም።

ከቀትር በኋላ በረንዳው ላይ ወጥቶ ወደ አውቶቡሶቹ ስምሪት ክፍል ደወለ። የስምሪቱ ሰው አብሮት ሃያ ዓመት የሠራ ነው።

“ካፒቴን! ተራራውን ጨረስከው? ሰኞ አሥራ አራት ቁጥር ላይ መድቤሃለሁ፣ የማለዳውን።”

“ሌላ ሰው መድብ።”

“ምነው፣ ዕረፍቱ ጣመህ? ለስንት ቀን?”

“ለሁልጊዜው” አለና ነገረው። ከመስታወቱ ጀምሮ፣ ሐኪሟን፣ ግምጃ ቤት ያላትን፣ ዛሬ ጠዋትን፣ ሳይቆራርጥ ነገረው።

ከዚያ የስምሪቱ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አንድ ዓመት ከሁለት ወር እኮ ነው የቀረህ፣ አንተ ሰው። የጡረታው ነገር እንዴት እንደሚሆን አታውቅም። እኔ ይህን አልሰማሁም። እሺ? ሰኞ ና፣ ቀለል ያለ መስመር እሰጥሃለሁ።”

ካፒቴኑ ዓይኑን ጨፈነ። ቀለል ያለው መስመር የትኛው እንደሆነ ወዲያው ገባው፤ ሰፊው መንገድ፣ ስድስት ፌርማታ ብቻ። ሁለቱ ግን ትምህርት ቤት በር ላይ ናቸው።

“ሰምተኸኛል” አለ። “ጻፈው።”

“ካፒቴን...”

“ብዕር ያዝና ጻፈው። እኔ ጠብቄ ልስማህ።”

ሲጽፍ ጠበቀው። ስልኩን ሲዘጋ ሚስቱ በግራው በኩል በሩ ላይ ቆማ እንደነበር ያወቀው ስትናገር ነው።

“ነገርከው?”

“ነገርኩት።”

“አሁንስ ምን እንሆናለን?”

ወደ ድምፅዋ ዞሮ ፊቷን እስኪያገኘው ፈለገው። “እንጃ” አለ። እሷም ትንሽ ቆማ ወደ ውስጥ ተመለሰች፤ የሻንጣው ዚፕ ሲዘጋ ተሰማው።