ፀጉር አስተካካዩ ዝም ያለበት ሰሞን

ሰው ሁሉ የየራሱ አመል አለው፤ የኔ ወሬ ነው። ምን ላድርግ፣ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱ በጨርቅ ታስሮ፣ መስታወት ውስጥ የገዛ ፊቱን እያየ፣ እኔ ካላጫወትኩት በምን ሊጽናና ነው? መቀስማ ማንም ይይዛል። ደንበኛ የሚመጣው ለአፌ ነው። ባለቤቴ ግን ይህን ሙያ ብላ አታውቅም። «በሽታ ነው» ትላለች።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት። የሷን ስፌት ቤትና የኔን ፀጉር ቤት የሚለየው አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላለሁ። እንዲህ ተጠጋግተን እየኖርን ነው እንግዲህ የሸወዱኝ!

ነገሩን ያወቅኩት በማሽኗ ድምፅ ነው። ወፍራም ጂንስ ስትሰፋ መርፌው ቀጭ ይልና ይሰበራል፣ ከዚያ እሷ ትራገማለች፤ ለምጄዋለሁ። ድንገት ግን ያ ድምፅ ጠፋ። ማሽኑ ይሮጥ ይሮጥና በራሱ ጊዜ ቀጥ ይላል። ርግማንም የለም። ወይ ጉድ ብዬ በመሃሉ በር ብቅ ስል፣ ልጃችን ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ ሽቦ ታያይዛለች። ስታየኝ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ቶሎ ብላ በጨርቅ ሸፈነች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም አይደለም አባዬ።»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። መርፌው ላይ ክር ማስገባት ጀመረች። መርፌው ክር ነበረው።

ልጄ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው ሥራዋ፤ ሽቦና ሳጥን ከያዘች የሆነ ነገር እንዳለ አይጠፋኝም። «እሺ ደብቁኝ» አልኩ። «እኔ እዚህ ቤት ምኔ ነኝ? ለኔ ማን ይነግረኛል!»

«አባዬ፣ ለማንም አልተነገረም» አለች። «የሠራሁት ነገር አለ። የፈጠራ መብቱን በስሜ ላወጣ ነው። የያዝኳት ጠበቃ ማመልከቻው እስኪገባ ድረስ ትንፍሽ እንዳትሉ ብላናለች። አንተ ሰማህ ማለት ደግሞ... ሬዲዮ ሰማ ማለት ነው።»

ከፋኝ። ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ከፋኝ። ይቺ ልጅ መቆም የተማረችው የፀጉር ቤቴን ወንበር ይዛ ነው። ለሷ ሬዲዮ ሆንኩ! ተመልሼ የአንድ ደንበኛ ፀጉር ያለ አንዲት ቃል ቆርጬ ስጨርስ ሰውዬው «አሞሃል እንዴ?» አለኝ።

ልጄ አንጀቷ አልችል አለ መሰለኝ፣ ማምሻውን መጣች። «ተነስ፣ ጠበቃዋ ጋ እንሂድ» አለች። «ካወቅክ አይቀር በደንብ እወቅ።»

ጠበቃዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቁመቷ አጭር፣ ቃሏ ቁርጥ ያለ ሴት ናት። ሥራዋ ይኸው የፈጠራ መብት፣ ፓተንት የሚሉት ነገር ብቻ ነው። ወንበር አሳየችኝና «ልጅዎ መጀመሪያ ያመጣችልኝ ከላይ እስከ ታች ሂሳብ ነበር» አለችኝ። «መለስኩላት። ሂሳብ ብቻውን ፓተንት አያገኝም። ፕሮግራምም እንዲሁ ለብቻው አያገኝም፤ ጽሑፉን የሚጠብቅለት የቅጂ መብት ነው። እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው፤ ፕሮግራምሽ ሲሠራ ማሽኑ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል?» አልኩ እኔም ወደ ልጄ ዞሬ።

«ሞተሩ የሚስበውን ኤሌክትሪክ ይለካል» አለች። እንዲህ ዓይኗ ሲበራ ካየሁ ቆይቻለሁ። «መርፌው ሊሰበር ሲል መጀመሪያ ይታጠፋል። ያን ጊዜ ሞተሩ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ የሰው ጆሮ አይሰማውም። ፕሮግራሙ ግን ያውቅና ቀድሞ ያቆመዋል። መርፌው ይተርፋል፣ ጨርቁም አይቀደድም።»

«ይኸው! ቴክኒካዊ ውጤት የምንለው ይሄን ነው» አለች ጠበቃዋ። «ሥራ ላይ የሚውል ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ‹ይሄማ ለማንም ግልጽ ነው› ብሎ የሚያጣጥለውም አይደለም። የቀረን አዲስነቱን መጠበቅ ነው።»

«አዲስ ማለት እስከ ምን ድረስ?»

«ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት የትም ቦታ፣ በምንም መንገድ ለሕዝብ ያልተገለጠ። በጽሑፍም፣ በሥራም፣ በወሬም።» መነጽሯን አድርጋ አየችኝ። «ራሷ ብታወራው እንኳ ጉድ ነው። እንዲህ ያለውን ለተወሰነ ጊዜ ይቅር የሚሉ ሕጎች አሉ፤ እኔ ግን በይቅርታ ላይ ቤት አልሠራም።»

«ፀጉር ቤት ውስጥ ቢወራስ?»

«ፀጉር ቤት ከጋዜጣ በምን ይለያል?»

ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። «እና ይሄ ነገር ለዘላለም ተቀብሮ ሊቀር ነው?» አልኩ።

«እንዴት ይቀበራል! ማመልከቻው ላይ ሁሉንም ትናገራለች፤ ሌላ ባለሙያ አንብቦ ራሱ መሥራት እስኪችል ድረስ። የደበቀ ሰው መብት አይሰጠውም።»

«እንዴ! ሕጉም ወሬ ይወዳላ!»

«በጣም ይወዳል አባቴ። ተራ መጠበቅ ብቻ ነው።»

ይሄን ስሰማ ሕጉን ወደድኩት። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «በቃ፣ ሆድ ይፍጀው» አልኩ። ልጄ ቦርጬን አየችና «ቦታ እንኳ አለው» አለች።

ዝም ማለት እንዲህ መከራ መሆኑን ማን ነግሮኝ! መጀመሪያ ሌላ ሌላውን ላውራ ብዬ ነበር። ስለ ዝናብ ስጀምር ዝናቡ ጃንጥላ ያመጣል፣ ጃንጥላው ስፌት፣ ስፌቱ መርፌ። ስለ ኳስ ሳነሳ ኳሷም የተሰፋች ናት። ጨርሶ መዝጋት ይሻላል ብዬ ዘጋሁ። ደንበኞቼ ተጨነቁ። አንዱ ለጉሮሮዬ ማር አመጣልኝ። ሌላው «ከባለቤትህ ጋር ተጣልታችሁ ከሆነ ላስታርቃችሁ» አለኝ። ባለቤቴ በግድግዳው ማዶ ሆና «ግድ የላችሁም፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ!» እያለች ትስቃለች።

የከፋው የሰፈራችን ደላላ ነው። ደላላው ጢሙን እኔ ጋ ይላጫል፤ እሱ ያልሰማው ነገር ገና አልሆነም ማለት ነው። አረፋውን ቀብቼው ምላጩን ጉሮሮው ላይ ሳሳርፍ፣ «ወዳጄ» አለኝ፣ «አንተ ዝም ካልክ ወይ ታመሃል ወይ ሀብታም ልትሆን ነው። የባለቤትህ ማሽን በራሱ እየቆመ ነው አሉ። ልጅህ የሆነ ነገር ሠርታለት ነው አይደል?»

አንደበቴ ላይ መጥቶ ቆሟል፤ ‹አዎ የኔ ልጅ! ማን መሰለችህ!› ልለው ትንሽ ቀርቶኛል። ዋጥኩት።

«አርጅቶ ነዋ» አልኩት። «እኔም ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ እቆማለሁ። ልጄ ሠርታኝ ነው ልትል ነው?»

ደላላው አረፋውን እስኪረጭ ሳቀ። ቀና ስል ግን ልጄ የመሃሉ በር ላይ ቆማለች። ደላላው እስኪሄድ ጠበቀችና፣ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች ቀስ ብላ። «ከየት ሰማ አባዬ?»

«እኔ ልሙት! እናትሽ ትሙት! ትንፍሽ አላልኩም!»

አላመነችኝም። ዓይኗ ላይ አየሁት። የዚያን ያህል ቀን አፌን ሰፍቼ ከርሜ፣ ልጄ እንደዚያ ትየኝ!

ያን ጊዜ ባለቤቴ መቀሷን እንደያዘች ብቅ አለች። «ተይው፣ እሱ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ። ሳጥኑን ሞክሪና ፍቺው ብለሽኝ ነበር። አልፈታሁትም። መርፌ አልሰበር ሲለኝ ደስ አለኝ፤ የደንበኛውን ሁሉ ሱሪ ሰፋሁበት። በር ተከፍቶ፣ ሰው ቁጭ ብሎ እያየ።»

ልጄ ወንበሬ ላይ ዘጭ አለች። አያችሁልኝ? ቤተሰቡ ሁሉ የኔን አፍ ሲጠብቅ የሷን እጅ የጠበቀ የለም! ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ነገር ዓመት እስቅ ነበር።

ሦስታችንም ጠበቃዋ ጋ ሄድን። ሰምታ ስትጨርስ አልተቆጣችም፤ ወደ ባለቤቴ ዞረች። «ያዩት ሰዎች ምን አዩ?»

«ማሽኑ ሲቆም።»

«ሳጥኑንስ?»

«ከእግሬ ሥር ነው፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተከምሮበት።»

«ለምን እንደሚቆም የነገሩት ሰው አለ? ጠይቆዎትስ ያውቃል?»

«ማን ጠይቆኝ! አርጅቷልና ሌላ ግዢ ይሉኛል እንጂ።»

ጠበቃዋ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ? ለደላላው ምን አሉት?»

የደረጃውን ነገር ነገርኳት። ጠበቃዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «እንግዲህ» አለች፣ «ሲቆም ያዩ ለምን እንደሚቆም አላወቁም፤ ከሱሪው ስፌትም ሊያውቁት አይችሉም። ፈጠራው አልተገለጠም ብዬ ደፍሬ እከራከራለሁ። እርስዎ ግን ‹አዎ፣ ልጄ የሞተሩን ኤሌክትሪክ ለክታ› ብለውት ቢሆን ኖሮ የምከራከርበት አልነበረኝም። አሁኑኑ ሳጥኑን ፍቱት። ማመልከቻው ነገ ይገባል።»

ደረጃውን ስንወርድ ልጄ ክንዴን ያዘች። «አባዬ፣ ተጠራጠርኩህ። ይቅር በለኝ።» ከደስታዬ ብዛት ጭንቅላቷን ዳበስኩት።

በማግስቱ በግድግዳው ማዶ መርፌ ቀጭ አለ፤ ባለቤቴ ተራገመች። እንደዚያ ቀን ርግማን ጥሞኝ አያውቅም። ከሰዓት ጠበቃዋ ደወለች። «ገብቷል። አሁን ያውሩ» አለችኝ። ወይ ማውራት! ራሰ በራው ሳይቀር ሊሰማኝ መጥቶ ተቀመጠ። ቆይቶ የመብት ሰጪው መሥሪያ ቤት መርማሪ «ይሄ ፕሮግራም ብቻ ነው» ብሎ ተቃወመ፤ ልጄ የሞተሩንና የመርፌውን ነገር አስረድታ መለሰችለት። የምስክር ወረቀቱ ዛሬ መስታወቴ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ያላየው ደንበኛ ካለ ዓይኑን ይመርመር።

በቀደም ልጄ ማለዳ መጣችና ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። «ፊት ለፊቱን ትንሽ አሳጥርልኝ» አለች። ጨርቁን ሳስርላት በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«አባዬ፣ ሌላ ነገር አስቤያለሁ።»

«ለእናትሽ ነገርሻት?»

«ገና።»

«ለጠበቃዋስ?»

«ለማንም። መጀመሪያ ለአንተ ነው።»

ነገረችኝ። መቀሱን አስቀምጬ ነው የሰማኋት።

እሷ ስትወጣ ደላላው ገባ። አረፋውን ቀባሁት። የምስክር ወረቀቱን ቀና ብሎ አየና፣ «እሰይ፣ ጎበዝ ልጅ አለችህ» አለኝ። «አሁን ደግሞ ምን እየሠራች ነው?»

ምላጩን ጉንጩ ላይ ቀስ አድርጌ አሳለፍኩ።

«እኔ ምን አውቄ!» አልኩት። «ለኔ ማን ይነግረኛል?»