እስከ ማታ ጸሎት

በአክስቴ ቤት ልደት አንድ ቀን አይደለም፤ ዘመቻ ነው። ከልደት ቅዳሴ እስከ ጌታ ጥምቀት ያለውን በዓል ሁሉ የልብስ ንድፍ በምትቆርጥበት ካርቶን ላይ ጽፋ ከስፌት መኪናዋ ትይዩ ትሰቅለዋለች። ትኩሳት እንኳ ምክንያት አይሆንም። አንድ ዓመት የካቶሊክ ቁምስናችን ቄስ፣ አባ፣ "እኔም እንደ እርስዎ አልቻልኩም" አሏት። ምስጋና መስሏት እስካሁን ታወራዋለች።

የልደት ማግስት የእስጢፋኖስ ነው። እሱ እየተወገረ ይቅር ስላለ፣ ያን ቀን በቤታችን ማማረር ክልክል ነው፤ የትናንቱን ድስት የማጥበው ግን እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ዮሐንስ ወንጌላዊ ይከበራል። አባ የባረኩትን ወይን አክስቴ በመድኃኒት ማንኪያ ታድለናለች። ሰዓት ሠሪው ባሏ በዓመት አንዴ ጉሮሮውን የሚያመው ያን ቀን ነው።

አራተኛው ሄሮድስ ያስገደላቸው ሕፃናት ቀን ነው። አክስቴ ከአንድ አሮጌ የጸሎት መጽሐፍ ያገኘችው ልማድ አለ፤ ያን ቀን በቤቱ በዕድሜ ትንሹ ያዛል፣ ትልልቆቹ ይታዘዛሉ። ትንሿ እኔ ነኝ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ በኬሚስትሪ ተመርቄያለሁ። ግን በየዓመቱ ለምሳ በተጠሩት የመዘምራን ሴቶች ፊት የወረቀት ዘውድ ደፍቼ "ኬክ ይጨመር" እላለሁ፤ እነሱም ያጨበጭባሉ።

ዘንድሮ ኬክ አላማረኝም። ሌላ ከተማ ያለ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ቀጥሮኛል። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ዋናውን ዲግሪዬን ይዤ ካልቀረብኩ ቦታው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል። ዲግሪዬ ደግሞ ከወይኑ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ አክስቴ አንገት ላይ ነው። ስለምናት ሰብአ ሰገል እንኳ ከልደት አሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው የደረሱት፣ አንቺን ምን ያስቸኩልሻል አለችኝ። የቅጥር ደብዳቤ እንዳልነበራቸው ነገርኳት። ከጥምቀት በፊት ንቅንቅ እንደማልል ነገረችኝ።

ስለዚህ ምሳው ሲያልቅ ዘውዴን አስተካክዬ አዘዝኩ። "ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ዲግሪዬ ይምጣልኝ።"

ሴቶቹ ለማጨብጨብ ያነሱትን እጅ መለሱ። አክስቴ አፏን በቀስታ ጠረገች።

"ሥልጣንሽ እስከ ማታ ጸሎት ነው የኔ ልጅ። ነገ ያንቺ አይደለም።"

"እንግዲያው አሁን እሄዳለሁ። በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ።"

በአገጯ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ጠቆመች። አሥር ሰዓት ከአሥር ይላል። "ምን ይደረግ፣ አመለጠሽ" አለችና ኬክ መቁረስ ጀመረች።

ያ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ይቀድማል። ለቅዳሴ እንዳናረፍድ ያስቀደመችው ራሷ ናት፤ ለእንግዳ ግን የሰዓት ሠሪ ቤት ሰዓት በሰኮንድ አይዛነፍም ትላለች። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል፤ ስልክ ገበታ ላይ ክልክል ነው። ወደ ባሏ ዞርኩ። እንግዳ ፊት አፉን ሲከፍት የሚታየው ለመጉረስ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ትክክለኛው ሰዓት ስንት ነው? ትእዛዝ ነው።"

ሚስቱን አየ፣ የእጅ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ዘውዴን።

"ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ" አለ። "የግድግዳው በትእዛዝ የሚሄድ ነው።"

ከመዘምራኑ አንዷ ሳቋ አፈተለከ፤ በሳል ሸፈነችው። ጋሼ የግድግዳውን ሰዓት እንዲያስተካክል አዘዝኩ፤ ወንበር ላይ ወጣ። አክስቴ ወደ እንግዶቿ አየች። ሁሉም እሷን ያያሉ። በየዓመቱ ስለ ታዛዥነት ስትሰብክ የኖረችው ለእነሱ ነው።

ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩበት። ዘውዱ ራሴ ላይ እንደነበረ የነገረኝ ትኬት ቆራጩ ነው።

በአስተርእዮ፣ ሰብአ ሰገል በደረሱበት ቀን፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ ሳጥብ አክስቴ ደወለች። የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት ቅዳሴም፣ የዛሬውንም ቤተሰቡ በሙሉ ግማሽ ግማሽ ሰዓት አርፍዷል። አባም አይተዋል። ሰዓት ሠሪው ግን ትንሿ ያዘዘችው ካልተነሳ የግድግዳውን ሰዓት አልነካም ብሏል።

"በይ ትእዛዝሽን አንሺ" አለችኝ።

"አልችልም እትዬ። ሥልጣኔ እስከ ማታ ጸሎት ነበር። ለከርሞ ጠብቂኝ።"