አስጌር ከክቡ ሊወጣ ሲል

አስጌር በዚያ ረቡዕ የጭፈራውን ክብ ሲያፈርስ ሦስተኛ ጊዜው ነበር። አስጨፋሪያችን ዳይሚ በስፓኒሽ «ዳሜ!» ብላ ስትጮህ ወንዶቹ ሁሉ አብራቸው የምትጨፍረውን ሴት ለቀው ወደ ቀጣይዋ ያልፋሉ፤ እርሱ ግን ቢርጊተን እንደያዘ ቀረ። ከኋላው የመጣው ሚኬል ጀርባው ላይ ተላተመ።

«አስጌር፣ ባቡሩ ሄደ'ኮ! ጣቢያው ላይ ልታድር ነው?» አለ ሚኬል።

ሁሉም ሳቁ፤ አስጌርም ሳቀ። ቀልዱን ሰምቶ ሳይሆን ሌሎቹ ሲስቁ አይቶ ነበር።

አስጌር እዚሁ ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ወደብ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ የመርከብ ሞተር ሲጠግን ኖሮ ጩኸቱ ጆሮውን የጎዳው ሰው ነው። ከበሮው ዛሬም ጥርት ብሎ ይሰማዋል፤ የሰው ቃል ግን ከጥሩምባው ጋር ይደባለቅበታል። ዳይሚ ጥሪዋን በእጅ ምልክትም ታሳያለች፤ ምልክቱን አይቶ እስኪነሣ ግን አንድ እርምጃ ይዘገያል፤ በክብ ጭፈራ ደግሞ የአንዱ መዘግየት የሁላችንም መዘግየት ነው። ተራው እኔ ጋ ሲያደርሰው መዳፉን ጫን እያደረግሁ ከጥር ወር ጀምሮ ሸፍኜለታለሁ። እኔን ካለፈ በኋላ ግን ብቻውን ነበር።

በእረፍት ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

«ጉልበቴ አስቸገረኝ። እሑድ ወደቡ ላይ ለሕዝብ የምናሳየውን ያለ እኔ ጨፍሩ» አለ።

«የምን ጉልበት?» አለች ዳይሚ። «ሽማግሌዬ፣ ያንተ ጉልበት ከሚኬል ይሻላል። ዋሽተህ ልታመልጠኝ ነው?»

እርሱ ግን ጫማውን መፍታቱን አላቆመም። በሳምንት ውስጥ የሰው እጅ የሚይዘው ረቡዕ ብቻ መሆኑን አንድ ቀን ነግሮኝ ነበር። ስለዚህ ስድስት ወር ዝም ያልኩበትን ነገር ተናገርሁ።

«ጉልበቱ አይደለም። ጥሪው አይሰማውም።»

ከንፈሬን አንብቦ ኖሮ ፊቱ ቀላ። ይቅር የሚለኝ አልመሰለኝም።

ዳይሚ አፏን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች።

«ከበሮውስ?»

«ከበሮውማ እግሬም ይሰማዋል።»

«ጥሪዎቹንስ ታውቃቸዋለህ?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ስትጮሂብኝ ኖረሽ እንዴት አላውቅም!»

«በል ተነሥ፣ ዛሬ ደግሞ አንተ ጩህብኝ። የሚጠራ ሰው ጥሪ መስማት ምን ያደርግለታል?»

«ወይ ጉዳችን!» አለ ሚኬል። «እሱ ከጮኸማ መርከቦቹ ሁሉ መልሕቃቸውን ይነቅላሉ!»

የመጀመሪያው ጥሪ ፈጥኖ ወጣ፤ ሁለት ጥንዶች ተጋጩ። አስጌር ዐይኑን ከደነ፤ ከበሮው አንድ ዙር እስኪሞላ ታገሠ። ከዚያም «ዳሜ!» አለ፤ ስምንቱ ጥንዶች እንደ አንድ ሰው ተንቀሳቀሱ። ቀጥሎ ዳይሚ ራሷ ከብዷት የምትተወውን ጥሪ አመጣ። ሚኬል «ቆይ! ቆይ እንጂ!» እያለ እጁ ከእጁ ተጠላለፈበት፤ ጠሪው አልሰማውም።

አስጌር እኔ ዘንድ ሲደርስ እጄን አጥብቆ ያዘ።

«ቀደም ብለሽ ብትናገሪ ምን ነበረበት?» አለኝ።

ወዲያው «ዳሜ!» ብሎ ወደ ቀጣይዋ አለፈ።

ሙዚቃው ሲያበቃ፣ «እሑድ በስንት ሰዓት ነው?» ሲል ድምፁ አዳራሹን ሞላው።

ዳይሚ ስምንት ጣቶቿን አሳየችው።

«በሰባት እመጣለሁ» አለ፣ ወደ ሚኬል እያየ። «ገና ያልተለማመዱ አሉ።»