የመቶ አለቃው ከርከሮ

«አሳማ ነው የሳልክብኝ!»

«ከርከሮ ነው ጌታዬ።»

«ጥርሱስ? ጋማውስ? ይሄ እኮ ለገና የሚታረድ ነው።»

መቶ አለቃ ኦዲሎን እንዲህ የሚንጨረጨረው ዛሬ ጠዋት አውሮፕላኑ ጎን ላይ በሳልኩለት ነገር ነው። ከርከሮ የዘሩ አርማ ነው አሉ፤ ቅድመ አያቱ በጦር ወግቶ የጣለው። እኔ ከጦርነቱ በፊት ጌንት ከተማ ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ ቀቢ ነበርኩ፤ ከርከሮ የት አየሁና? ሮዝ ቀለም ተርፎኝ ነበር፣ ለቀለቅኩት።

ጭቅጭቁ አላለቀም። ጀርመኖች ከኢዘር ወንዝ ማዶ ምሽጋችንን የሚሰልሉበት ፊኛ ሰቅለዋል ተባለና ሦስት አውሮፕላን ተነሳ፤ እሱም አሳማውን ይዞ በረረ። ሲመለስ እግሩ መሬት አልነካ አለ። ፊኛውን አቃጠልኩት ይላል። የመጀመሪያ ድሉ ነው። ችግሩ፣ አብረውት የወጡት ሁለቱም እየራሳቸው እኔ ነኝ ያቃጠልኩት አሉ።

እኛ ጋ ደግሞ ምሽግ ያለ ወታደር በዓይኑ አይቶ ካልመሰከረ ድል አይቆጠርም። ክንፉ ላይ ያለው የቤልጂየም ጥቁር፣ ቢጫና ቀይ ክብ የሁሉም ነው፤ የማን መሆኑ የሚታወቀው በጎኑ ሥዕል ነው። ሻምበላችን ደውለው ያየ ሰው ይምጣ አሉ፤ እስኪመጣም አውሮፕላን የነካ ወዮለት ብለው አስጠነቀቁ።

ኦዲሎን ተደብቆ እኔ ጋ መጣ። በምስክር ፊት በዚህ አልዋረድም፣ ቶሎ ከርከሮ አድርግልኝ አለ። ምስክሩ ያየው እኮ የጠዋቱን ነው ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን አልጠየቀኝም። ጥቁር ቀባሁት፣ ጋማውን አቆምኩ፣ ጥርሱን አወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ራሴም ፈራሁት።

አመሻሹ ላይ ጭቃ በጭቃ የሆነ ሃምሳ አለቃ ከምሽግ መጣ፤ ሴፕ ይባላል። አውሮፕላኑን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ፊኛውን ያቃጠለው አሳማ ያለበት ነው፣ ይሄኛው አይደለም አለ ለሻምበሉ።

የኦዲሎን ፊት አመድ መሰለ። አስቀየርኩት እንዳይል ትእዛዝ ጥሷል። ደህና አድርገህ እየው፣ አሳማ እኮ ነው ብሎ ይለምን ጀመር። ጭራውን አሳየው፣ ሆዱን አሳየው፤ ጠዋት እኔን የሰደበበትን ሁሉ አሁን ማስረጃ አደረገው። ሴፕ በእምቢታ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ኦዲሎን ጮኸበት።

«ሃምሳ አለቃ፣ ትእዛዝ ነው! አሳማ ነው በል!»

«አልልም። እኔ ሥጋ ሻጭ ነበርኩ። የአሳማ ሥጋ የከርከሮ ነው ብዬ ሸጬ አንዴ ታስሬያለሁ፤ ሁለተኛ አልታሰርም።»