ሻይ ወይስ መልስ

በአምናው የዴንቨር ጨዋታ፣ በሰማንያ አራተኛው ደቂቃ ላይ የሆነውን ነገር ከዴንቨር አጠገብ ባለችው የአሜሪካ ከተማ፣ ኦሮራ ውስጥ፣ በሁለት መንገድ ያወሩታል።

ከጎሉ ጀርባ ቆመው ያዩት ታክሲ ነጂዎች የሚሉት እንዲህ ነው፦ በረኛዋ ትህትና የዴንቨር ልጆች ሲበረቱባት ፈራች፣ እጇን ወደ አሰልጣኙ አንስታ አውጣኝ አለች፣ ወጣች። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ጎል ገባ፣ ኦሮራም ሁለት ለአንድ ተሸነፈ። እጇን ስታነሳ በዓይናቸው በብረቱ አይተዋል። ተጠባባቂ ወንበር ላይ የነበሩት ልጆች ደግሞ ሌላ ነው የሚሉት፦ ትህትና እጇን ያነሳችው ተከላካይዋን ወደ ግራ ሂጂ ለማለት ነው። ውጪ ያላት አሰልጣኙ ነው፤ እሷም ጓንቷን ሣሩ ላይ ጥላ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ቁጭ አለች።

ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ አሰልጣኙ ሀብተጊዮርጊስ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ ግን ዝም ብሏል።

ሀብተጊዮርጊስ ጠዋት ጠዋት ከዴንቨር ሆቴሎች ወደ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኦሮራ ያለ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ያሠለጥናል። ከልጆቹ ግማሽ የሚሆኑት የሐበሻ ልጆች ስለሆኑ ደጋፊውም ሐበሻ ነው፤ ደጋፊው ሐበሻ ስለሆነ ደግሞ አሰልጣኙ ከሜዳ ውጭም ዕረፍት የለውም። ነዳጅ ሲቀዳ ይጠየቃል። ቤተ ክርስቲያን ጫማውን ሲያወልቅ ይጠየቃል።

ፀዳል ለዚህ መላ ያገኘችለት ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ሃቫና ስትሪት ላይ ሬስቶራንት አላት። ከዴንቨሩ ኮሌጅ ጋር ከሚደረገው ጨዋታ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ፣ ደጋፊው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። መጠየቅ የፈለገ ሰው ጥያቄውን በወረቀት ላይ፣ ስሙን ሳይጽፍ፣ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምራል። የሚያነቡት ጋሽ መብራህቱ ናቸው። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው፤ ልጅ ሳሉ አስመራ በአማርኛ ስለተማሩ ንባባቸው የዜና አንባቢ ይመስላል። ሕጉ አጭር ነው፤ ከቆርቆሮው የወጣ ይነበባል፣ የተነበበ ይመለሳል። አሰልጣኙ መመለስ ካልፈለገ «ሻይ» ይላል፤ ቤቱን ለሞላው ሰው ሁሉ ሻይ ይጋብዛል፣ ወረቀቱም ይቀደዳል። ሀብተጊዮርጊስ እስካሁን ሻይ ያለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ለምን እንደማያገባ ተጠይቆ።

የዘንድሮው ሐሙስ ግን እንደ ሌላው ሐሙስ አልሆነለትም። በዋዜማው፣ ረቡዕ ከልምምድ በኋላ፣ ትህትና መኪናው ድረስ መጥታ ነበር።

«ኮች፣ ቅዳሜ አልመጣም» አለችው።

«ምነው፣ አመመሽ?»

«ኖ። ደከመኝ። ሰው እናቴን ‹የዚያች የፈሪዋ እናት› እያለ ይጠራታል። እኔ ልውጣ አላልኩም፤ ዩ ኖው ዛት።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ ግን አትናገርም! አንድ ዐረፍተ ነገር ነው ኮች። ነገ ሰው ሁሉ ባለበት ካልተናገርክ ቅዳሜ ባሱ ላይ የለሁም።»

ጓንቷን መኪናው ኮፈን ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሁለተኛዋ በረኛ ኣዲያም ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፤ በኮሌጅ ጨዋታ ግብ ላይ ቆማ አታውቅም። ሀብተጊዮርጊስ ግን በዚያ ሰዓት ያሰበው ስለ ኣዲያም አልነበረም። ጓንቱን አንስቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ከመሪው ኋላ ለረጅም ጊዜ ሞተር ሳያስነሳ ተቀመጠ።

ነገሩ የጀመረው አምና ከጨዋታው ሦስት ቀን በፊት ነበር። ጋሽ መብራህቱ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ከረባት አስረው፣ አፓርታማው ድረስ መጡ። ወንበር ቢሰጣቸው እንቢ አሉ። ልጅ ሊጠይቅ እንደ ሄደ ሰው ቆመው፣ «ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም» አሉት። ጉዳዩ ይህ ነው፦ የጋሽ መብራህቱ እህት እማማ ለተስላሴ ከአስመራ ከመጡ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፣ ሰኞ ይመለሳሉ። የልጃቸው ልጅ ደሊና የቡድኑ ተጠባባቂ በረኛ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለማመድ አንድ ደቂቃ አልቆመችም፤ ቅዳሜ ደግሞ ከመመረቋ በፊት የመጨረሻዋ ጨዋታ ናት። «አምስት ደቂቃ፣ ሀብቴ። እህቴ አይታት ትሂድ።»

«ከመራን» አለ ሀብተጊዮርጊስ።

«ከመራችሁ» አሉና ተቀመጡ።

አልመሩም። ሰማንያ አራተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ለአንድ ነበሩ። ቀጭን በረዶ ይወርድ ጀመር። ሀብተጊዮርጊስ ወደ ደጋፊው ሲዞር እማማ ለተስላሴን አያቸው፤ የደሊናን ትርፍ ማሊያ ነጠላቸው ላይ ደርበው፣ ሌላው ሰው ሲቀመጥ እሳቸው ቆመው፣ ተጠባባቂ ወንበሩን ብቻ ያያሉ። ይሉኝታ ያዘው። ትህትናን ጠራት።

ከዚያ በኋላ ዝም ያለው ለራሱ ብቻ ብሎ አይደለም። እኔ ነኝ ያወጣኋት ቢል፣ ለምን ይባላል። ለምን ከተባለ ጣቱ ወደ ደሊና ይዞራል፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ጎል ወደ ገባባት፣ ምንም ወዳላወቀች ልጅ። ሰው ይረሳዋል ብሎ ጠበቀ። ሰው አልረሳም። እያደር ሲያስበው ግን የአንዷን ልጅ ስም ለማዳን የሌላዋን አሳልፎ እንደ ሰጠ ገባው፤ የተሰጠችው ደግሞ ምንም ያላጠፋችው ናት።

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። በድሉ የሚባለው የሆቴል ሠራተኛ ዴንቨር ስለሚኖር፣ ልጁም ለዴንቨሩ ኮሌጅ ስለምትጫወት፣ ሰማያዊ ስካርፍ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ገባ።

«አንተ በድሉ! ያንን ነገር አውልቀህ ግባ፤ ወጤን ታበላሽብኛለህ» አለችው ፀዳል።

«አምና ያሸነፈ ሰው ስካርፉን የት ያውልቀው?»

«ዴንቨር ፓርኪንግ ስትፈልግ አልቀህ ነው እኮ እዚህ የምትመጣው!» አለ አንዱ ከጥግ፤ ቤቱ ሳቀ።

ጋሽ መብራህቱ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጀመሪያውን ወረቀት አወጡ። «‹ኮች፣ በሦስት ጨዋታ ሦስት የማዕዘን ምት ጎል ገብቶብናል። ልጆቹ ቁመት አጥተው ነው ወይስ አንተ ሐሳብ?›»

«ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ጎድሎናል» አለ ሀብተጊዮርጊስ። «ቁመቱን አልጨምርላቸውም። ሐሳቡን ግን በዚህ ሳምንት አራት ቀን ሠርተንበታል። ሁለተኛው የግብ ቋሚ ጋ ሰው አልነበረንም፤ አሁን አለን።»

አጨበጨቡ። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ አጥቂዎች ነበር፣ ሦስተኛው ማሊያው ለምን እንደ ጠበበ፣ አራተኛው ዳኛው ማን እንደሆነ። ሁሉንም ሳይቸኩል መለሰ። ዓይኑ ግን በየመካከሉ ወደ መግቢያው ይሄዳል። ትህትና ከእናቷ ከሮማን ጋር እዚያ ቆማለች። ጃኬቷን አላወለቀችም።

አምስተኛውን ወረቀት ሲከፍቱ ጋሽ መብራህቱ መጀመሪያ ለራሳቸው አነበቡት። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። «ይሄ... ጽሕፈቱ አይነበብም» አሉና ወረቀቱን ማጠፍ ጀመሩ።

ሀብተጊዮርጊስ ከጎናቸው ስለነበረ አየው። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ የአሜሪካ ልጅ የሚጽፈው፣ እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ። ከዚህ የበለጠ የሚነበብ ጽሕፈት የለም።

ሽማግሌው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «ሻይ በለው፣ ሀብቴ። ሻዩን እኔ እችላለሁ። ስለ ደሊና ብለህ።»

አንድ ቃል ነው። ሻይ ቢል ቤቱ ይስቃል፣ ፀዳል ብርጭቆ ታመጣለች፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። ሀብተጊዮርጊስ እግሩ ሥር ያለውን ቦርሳ በጫማው ነካው። ጓንቱ እዚያ አለ።

«ያንብቡት፣ ጋሽ መብራህቱ።»

«ልጄ...»

«ከቆርቆሮው ወጥቷል። ያንብቡት።»

ጋሽ መብራህቱ አነበቡ፤ ድምፃቸው የዜና አንባቢ ድምፅ አልነበረም። «‹አምና ልውጣ ያለችው ትህትና ራሷ ናት ወይ?›»

«ሻይ!» አለ አንዱ ሊያስቅ። ማንም አልሳቀለትም።

ሀብተጊዮርጊስ ተነሣ። ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ተቀምጦ ነበር የመለሰው።

«አላለችም» አለ። «እጇን ያነሳችው ተከላካይዋን ለመጥራት ነው። ያወጣኋት እኔ ነኝ። አልፈራችም፣ አላመማትም፣ ምንም አላጠፋችም። ሰው ሲያማት እየሰማሁ ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ። ሮማን፣ አንቺንም ልጅሽንም በድያለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሮማን ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ከጎሉ ጀርባ አየን ሲሉ ከከረሙት ነጂዎች አንዱ ብርጭቆውን ያሽከረክር ጀመር።

«ቆይ ቆይ» አለ በድሉ፣ ስካርፉን እያላላ። «ታዲያ ለምን አወጣሃት? አንድ ለአንድ እያለን... እያላችሁ ማለቴ ነው!»

ሀብተጊዮርጊስ ወደ ጋሽ መብራህቱ አላየም። «ለዚህኛው ሻይ» አለ።

ቤቱ ተንጫጫ። «እንዴት ሻይ!» «ግማሹን ነግሮን!» «ይሄማ አይሆንም!»

«ሕግ ሕግ ነው» አለች ፀዳል። «አንዴ ሻይ ብሏል» ብላም ወደ ጓዳ ልትዞር ስትል ጋሽ መብራህቱ እጃቸውን አነሡ።

«ሻዩን አቆዪው፣ ፀዳል። ይሄን የምመልሰው እኔ ነኝ።» መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቶቹ ላይ አስቀመጡት። «ሰዎች ይዤ ቤቱ ድረስ ሄጃለሁ። ካልሰማኸኝ አልቀመጥም ብዬ ቆሜበታለሁ። እህቴ ከመሄዷ በፊት ደሊናን ግብ ላይ እንድታያት ብዬ ነው። ደሊና እስከ ዛሬ አታውቅም። ልጅ ለመጠየቅ በሚኬድበት መንገድ በረኛ ላስቀይር ሄድኩ። ይሄችን ልጅ ሰው ሲያማትም እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አሁን የሚናገር ሰው ካለ ደሊናን ይተዋት፤ እኔን ይናገረኝ።»

 ሀብተጊዮርጊስ ቆሞ እንዳለ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጋሽ መብራህቱ፣ እርስዎ ለመኑ እንጂ አላስወጧትም። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቃላችን ከመራን ነበር፣ አልመራንም፣ እኔ ግን አደረግኩት። ስለዚህ ሁላችሁም ስሙኝ። ከእንግዲህ ቤቴ ለሚመጣ ሽማግሌ ወንበር አለኝ፣ ሻይም አለኝ። ተጫዋች ግን የለኝም። ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ ሜዳው ላይ ባየሁት ብቻ እወስናለሁ። ብሳሳትም ስሕተቱ የኔ ብቻ ይሁን።»

«እንደሱ ይሻላል» አሉ ጋሽ መብራህቱ ቀስ ብለው። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ቆርቆሮው ውስጥ ገና ወረቀት ነበር፤ እሳቸው ግን ክዳኑን ገጠሙት። የመጨረሻው ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ወረቀት አያስፈልገውም።

«ቅዳሜ በረኛችን ማን ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

ሀብተጊዮርጊስ ከቦርሳው ጓንቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቆርቆሮው አጠገብ አኖረው። «እኔ መርጫለሁ፤ የመረጥኳትም ታውቃለች። እሷ እሺ ካላለች ግን የኔ ምርጫ ዋጋ የለውም። እሷን ጠይቋት።»

ሰው ሁሉ ወደ መግቢያው ዞረ። ሮማን የልጇን ክንድ ይዛ ነበር፤ ለቀቀቻት። ትህትና በጠረጴዛዎቹ መካከል መጣች። ብርጭቆውን ሲያሽከረክር የነበረው ነጂ ብድግ ብሎ ወንበሩን ከመንገዷ ሳበላት፤ «እለፊ፣ የኔ እህት» አላት። ጠረጴዛው ጋ ደርሳ የቀኝ እጇን ጓንት አጠለቀች፣ ማሰሪያውን በጥርሷ አጠበቀች። የግራውን አነሣች። ከዚያ መጀመሪያ በድሉን ከነስካርፉ አየችው፣ ቀጥላ አሰልጣኟን።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ከጥግ ያለው ሰው እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ቅዳሜ ዘጠናውንም ደቂቃ እኔ ነኝ የምቆመው። ኮች፣ አንተም ብትሆን አታወጣኝም።»